ኖርትሪፕቲሊን፣ ኖርፍሉኦክሴቲን ወይስ ዴስቬንላፋክሲን? ዱቄት ወይስ አምፑል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተ ሙከራዎች የምርጫ መመሪያ

የድብርት መድኃኒት ሜታቦላይት ለመለኪያ ማነጻጸሪያ (ስታንዳርድ) እንዲሆነው ለመግዛት ያሰበ ቤተ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከዋጋ ዝርዝር ነው። አሥር ሚሊ ግራም ዱቄት ይህን ያህል፣ አንድ ሚሊ ሊትር አምፑል (ተሟሙቶ በመስታወት የታሸገ) ይህን ያህል ይባላል። በሚሊ ግራም ሲካፈል ዱቄቱ እጅግ ይረክሳል፤ ዱቄቱም ይታዘዛል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ ውሃ አያነሳም። ከዋጋው አስቀድሞ መታየት ያለበት ጠረጴዛችሁ ላይ የተቀመጠው ሚዛን ምን ያህል እንደሚያነብ ነው።

ይህን የምጽፈው የመድኃኒት መጠን ከደም ናሙና ለመለካት ወይም ለመመረቂያ ጥናት ዘዴ ለማበጀት ለሚያስቡ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነው። መድኃኒቱን ለሚወስድ ሰው የሚሆን ምክር እዚህ የለም፤ መጠን መለወጥም ሆነ ማቋረጥ ከሐኪም ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የትኛውን ሜታቦላይት?

ሜታቦላይት ሰውነት መድኃኒቱን ሲለውጥ የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ነው። አንዳንዱ ሥራ ፈት ሆኖ በሽንት ይወጣል፤ አንዳንዱ ግን ራሱ መድኃኒት ሆኖ ይቀጥላል። አሚትሪፕቲሊን ከናይትሮጅኑ ላይ አንድ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) ሲያጣ ኖርትሪፕቲሊን ይሆናል። ፍሉኦክሴቲንም በዚሁ መንገድ ወደ ኖርፍሉኦክሴቲን ይለወጣል። ቬንላፋክሲን ሜቲሉን የሚያጣው ከኦክስጅኑ ላይ ነው፤ የሚገኘውም ዴስቬንላፋክሲን ነው። ሦስቱም ሥራቸውን የሚቀጥሉ ስለሆኑ ዋናውን መድኃኒት ብቻ ለክቶ ሜታቦላይቱን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

ለገዢው ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኖርትሪፕቲሊን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ራሱን ችሎ መድኃኒት ሆኖ ተፈቅዷል። ዴስቬንላፋክሲንም በ2008 ተከትሎታል። ኖርፍሉኦክሴቲን ግን በመድኃኒትነት ለገበያ ቀርቦ አያውቅም። ስለዚህ ኖርትሪፕቲሊን በፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) ደረጃ፣ በመቶዎች ሚሊ ግራምና በግራም ሳይቀር ይገኛል። ኖርፍሉኦክሴቲን ደግሞ የምርምር ኬሚካል ከሚሸጡ ድርጅቶች፣ በጥቂት ሚሊ ግራም የሚገኝ ውድ ዕቃ ነው። ይህች ልዩነት በኋላ ዱቄት ወይስ አምፑል የሚለውን ጥያቄ ትወስናለች።

ወሎ ውስጥ ሆኖ አንድ ብቻ የሚመርጥ ሰው ቢጠይቀኝ ኖርትሪፕቲሊን እለዋለሁ። አንደኛ፣ አሚትሪፕቲሊን በአገራችን ፋርማሲዎች የተለመደ፣ ለድብርት ብቻ ሳይሆን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም የሚታዘዝ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያጓጓኛል። ኖርትሪፕቲሊንን ከሰውነት በዋናነት የሚያጸዳው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ እንደሚሸከሙ አሳይቷል። ይህ በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጥፍ የላቀ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግድ በመጽሐፉ መጠን እየወሰደ በደሙ ውስጥ የሚገኘው አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ የሚለካ እውነተኛ ጥያቄ አለ። ፍሉኦክሴቲን ላይ ግን ነገሩ ይደበዝዛል፤ ፍሉኦክሴቲንም ኖርፍሉኦክሴቲንም ይህንኑ ኢንዛይም ስለሚያፍኑ የጂኑ ልዩነት በቀላሉ አይታይም።

ኖርፍሉኦክሴቲን የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ የናሙና ሰዓት። የኖርትሪፕቲሊን ደም መቀዳት ያለበት ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ከደላንታ ወይም ከወረባቦ ተነሥቶ ደሴ ሆስፒታል እኩለ ቀን ላይ ለሚደርስ ሕመምተኛ ይህን ሰዓት መጠበቅ ቀላል አይደለም። ኖርፍሉኦክሴቲን ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 16 ቀን ይወስድበታል፤ ጠዋትም ተቀዳ ከሰዓት፣ ውጤቱ ብዙም አይናወጥም። የዚህ ሌላኛው ገጽታ ግን መዘንጋት የለበትም። መጠኑ የሚረጋው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ መድኃኒቱን ካቆመ ሳምንታት ያለፉት ሰው ደም ውስጥም ይገኛል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከፍሉኦክሴቲን በኋላ ከመጀመራቸው በፊት አምስት ሳምንት ይጠበቅ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። የናሙናው ቅጽ ላይ «መድኃኒቱን ያቆሙት መቼ ነው?» የሚል መስመር ይጨመር።

ዴስቬንላፋክሲንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ወጥመድ ስላለበት ነው። የዴስቬንላፋክሲን ሞለኪውል 16 ካርቦን፣ 25 ሃይድሮጅን፣ 1 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። ትራማዶልም እንደዚሁ፤ አንድም አቶም አይበልጥ፣ አንድም አቶም አያንስ። በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለየው መሣሪያ፣ ሁለቱም 264 ላይ ይታያሉ፤ ሲሰበሩም ሁለቱም 58 ላይ ጉልህ ስብርባሪ ይሰጣሉ። ከ264 ወደ 58 የሚለውን ሽግግር ብቻ የሚከታተል ዘዴ፣ ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የዋጠን ሰው የድብርት መድኃኒት ወሳጅ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ትራማዶል በየቦታው በሚገኝበት አገር ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። መፍትሔው በኮለም (ንጥረ ነገሮችን በተለያየ ሰዓት በሚያሳልፈው ቱቦ) ላይ ሁለቱን በጊዜ መለየትና ሁለተኛ ሽግግር መጨመር ነው፤ ለዴስቬንላፋክሲን ከ264 ወደ 107 ያለው ያገለግላል። የትራማዶል ስታንዳርድም አብሮ ካልተገዛ መለየታችሁን የምታረጋግጡበት መንገድ የለም። ኖርትሪፕቲሊንም በአጋጣሚ 264 ላይ ይገኛል፤ የሚሰበረው ግን ወደ 233 ስለሆነ ጣጣው ያነሰ ነው። ኖርፍሉኦክሴቲን ከ296 ወደ 134 ይሄዳል፤ ከሌሎቹ ጋር አይጋጭም።

ማስ ስፔክትሮሜትር የሌለው፣ ኤችፒኤልሲ (ፈሳሽ ናሙናን በኮለም የሚለያይ መሣሪያ) እና የአልትራቫዮሌት መመርመሪያ ብቻ ያለው ቤተ ሙከራ ኖርትሪፕቲሊንን 239 ናኖ ሜትር፣ ኖርፍሉኦክሴቲንን 226 ናኖ ሜትር አካባቢ ያያል። 226 ላይ ብዙ የደም ቆሻሻም አብሮ ስለሚታይ የማጽዳቱ ሥራ ይከብዳል። ለድብርት የሚፈለገው የአሚትሪፕቲሊንና የኖርትሪፕቲሊን ድምር በሚሊ ሊትር ከ80 እስከ 200 ናኖ ግራም፣ የፍሉኦክሴቲንና የኖርፍሉኦክሴቲን ደግሞ ከ120 እስከ 500 ነው። ለማይግሬን ማታ ማታ 25 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው ግን ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ ያለውን ናሙና በአልትራቫዮሌት እንለካለን ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ።

ዱቄት ወይስ አምፑል

አሁን ወደ ሚዛኑ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ለትክክለኛ ምዘና ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ ሚዛን በተሻለው ሁኔታ እንኳ ሊመዝን የሚፈቀድለት ዝቅተኛ መጠን ሊያነበው የሚችለው የትንሹ አሃዝ 820 እጥፍ ነው። እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነበው የተለመደው ባለ አራት አሃዝ ሚዛን ከ82 ሚሊ ግራም በታች ሊታመን አይገባም ማለት ነው። ባለ አምስት አሃዙ 8.2 ሚሊ ግራም ድረስ ይወርዳል፤ ባለ ስድስቱ 0.82 ድረስ። ሚዛኑ የተቀመጠው መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ከሆነ ደግሞ እነዚህም ቁጥሮች ይጨምራሉ።

በባለ አራት አሃዝ ሚዛን ላይ 2 ሚሊ ግራም ኖርፍሉኦክሴቲን አስቀምጡ እንበል። የመጨረሻው አሃዝ አንድ ቁጥር ሲዘል 5 ከመቶ ስህተት ገባ። አየር ነፍሶበት ሁለት ቢዘል 10 ከመቶ ነው። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ፣ ኤችፒኤልሲው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ያንን ስህተት ተሸክሞ ይሄዳል። «ጠርሙሱን በሙሉ በአንዴ እናሟሟው» የሚል መላ አለ፤ ነገር ግን በመለያው ላይ የተጻፈው 10 ሚሊ ግራም ብዙ ጊዜ ግምታዊ ልክ እንጂ የተረጋገጠ ክብደት አይደለም። ለማንነት ማረጋገጫ ከሆነ፣ ማለትም «ይህ የግራፍ ጫፍ ኖርፍሉኦክሴቲን ነው ወይስ አይደለም?» ለሚል ጥያቄ፣ በዚያ መንገድ የተዘጋጀ ዱቄት ይበቃል። ለመጠን ግን አይበቃም።

አምፑሉ በአንጻሩ በሜታኖል ውስጥ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ሆኖ፣ በአምራቹ ባለ ስድስት አሃዝ ወይም ከዚያ በተሻለ ሚዛን ተመዝኖ፣ ከሰርተፊኬት ጋር ይመጣል። «አንድ ሚሊ ግራም ብቻ?» የሚል ቅሬታ ይነሣል። እስኪ እናስላው። በየናሙናው 0.5 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ተጠቅማችሁ በሚሊ ሊትር 25፣ 50፣ 100፣ 200፣ 400 እና 500 ናኖ ግራም የሆኑ ስድስት የካሊብሬሽን ነጥቦች (መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች) ብታዘጋጁ፣ የሚያስፈልጋችሁ በድምሩ 637.5 ናኖ ግራም ነው። አንዱ አምፑል አንድ ሚሊዮን ናኖ ግራም ይዟል። በስሌት ከ1,500 በላይ ካሊብሬሽን ይወጣዋል፤ ከማለቁ በፊት ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ «ዱቄቱ አሥር እጥፍ ይሰጠናል» የሚለው መከራከሪያ የማትጠቀሙበትን ነገር መግዛት ነው።

ለኖርፍሉኦክሴቲን አምፑል ግዙ ስል ለኖርትሪፕቲሊን ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። በብዛት ስለሚገኝ በባለ አራት አሃዝ ሚዛንም ቢሆን በደንቡ ልክ ሊመዘን ይችላል። 113.8 ሚሊ ግራም የኖርትሪፕቲሊን ሃይድሮክሎራይድ መዝናችሁ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠን ጠርሙስ በሜታኖል ብትሞሉት፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ነጻ ቤዝ (ያለ አሲዱ መድኃኒቱ ራሱ) ያለው ስታንዳርድ አገኛችሁ። ዱቄቱ መቶ ከመቶ ንጹሕ ካልሆነ በሰርተፊኬቱ ንጽሕና ማካፈል አይቅር። ኖርትሪፕቲሊን ብርሃን አይወድም፤ ጠርሙሱ ቡናማ ይሁን።

113.8 ከየት መጣ ላለ ሰው፣ የጨውና የቤዝ ጉዳይ ነው። የሚሸጠው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር የተያያዘው ጨው ነው። የኖርትሪፕቲሊን ቤዝ ሞለኪውላዊ ክብደት 263.38 ሲሆን የጨው 299.84 ነው፤ ከአንድ ሚሊ ግራም ጨው ውስጥ ቤዙ 0.878 ብቻ ነው። ለኖርፍሉኦክሴቲን ቤዙ 295.30፣ ጨው 331.76፤ ጥምርታው 0.890 ይሆናል። ይህን ማረም የረሳ ስታንዳርዱን ከ11 እስከ 12 ከመቶ ያህል ያጎድላል። የባሰው ግን ሁለት ጊዜ የሚያርመው ነው፤ አምፑሉ ላይ «እንደ ነጻ ቤዝ» ተብሎ የተጻፈውን ሳያይ በድጋሚ በ0.890 ያባዛዋል። ከማስላት በፊት መለያውን ማንበብ የግድ ነው።

በዲዩተሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) ስለተሠራው የውስጥ ስታንዳርድ፣ ማለትም ለንጽጽር በየናሙናው ስለሚጨመረው ንጥረ ነገር፣ አጭር ቃል ልናገር። ማስ ስፔክትሮሜትር ካላችሁ ግዙት፤ ዋጋውን ይመልሳል። አልትራቫዮሌት ብቻ ካላችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ከምትለኩት ንጥረ ነገር ጋር በአንድ ሰዓት ስለሚወጣ መመርመሪያው አይለያቸውም። ሕመምተኛው የማይወስደው ተመሳሳይ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ክሎሚፕራሚን፣ ለዚያ ይሻላል።

ከፍታ፣ ቅዝቃዜና መብራት

የአምራቾች መመሪያ የሚጻፈው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይል ለሚሠራ ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ64.7 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ሜታኖል እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ስትደርሱ 59 ገደማ ይሆናል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ግን ወሳኝ ነው። የተከፈተ ስታንዳርድ እዚህ ቶሎ ይተናል፤ ሜታኖሉ ሲቀንስ የቀረው ይጠነክራል፤ የሕመምተኛው ውጤትም በሐሰት ዝቅ ይላል።

መከላከያው ርካሽ ነው። አምፑሉን ከከፈታችሁ በኋላ ፈሳሹን ክዳኑ ቴፍሎን ወደ ለበሰ ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አዛውሩ። ጠርሙሱን ከነክዳኑ መዝኑና ክብደቱን በእርሳስ መዝግቡ። በተጠቀማችሁ ቁጥር ከመክፈታችሁ በፊትና ከዘጋችሁ በኋላ እንደገና መዝኑ። ትናንት ስትዘጉት ከነበረው ክብደት ዛሬ ሳይከፈት የቀነሰ ከሆነ ሜታኖል ሸሽቷል፤ ጠርሙሱን ጣሉት። ለዚህ ሥራ ባለ አራት አሃዙ ሚዛን ከበቂ በላይ ነው፤ የተናቀው ሚዛን እዚህ ይካሳል።

አምፑል ከመክፈት በፊት ቀዝቀዝ ማድረግና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ፈሳሽ በጣት መታ መታ አድርጎ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የታሸገ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ከውጪው ከፍ ያለ ግፊት ስላለው ሲሰበር ጠብታ ሊረጭ ይችላል። ዱቄት ግን በተቃራኒው ነው፤ ከቅዝቃዜ የወጣ የዱቄት ጠርሙስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይደርስ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ክብደቱም ይዋሻል። በተለይ በክረምት።

ፒፔትም የከፍታ ነገር ይነካዋል። በአየር የሚሠራ ፒፔት በቀጭን አየር ውስጥ ጥቂት አጉድሎ ይሰጣል፤ በትንንሽ መጠን ላይ ይበልጥ ይታያል። ከውጭ አብሮት በመጣ የካሊብሬሽን ወረቀት አትተማመኑ፤ እዚሁ በውሃ መዝናችሁ አረጋግጡ። ሜታኖል ደግሞ ከፕላስቲክ ጫፉ ይንጠባጠባል። ለአምፑሉ ፈሳሽ የመስታወት ማይክሮ ሲሪንጅ ከፒፔት ይመረጣል።

አንዳንድ አቅራቢዎች ለሴል ጥናት በዲኤምኤስኦ (ሌላ የማሟሟያ ፈሳሽ) አሟሙ ይላሉ። ዲኤምኤስኦ በ18.5 ዲግሪ ይረጋል። ኮምቦልቻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ረግቶ ታገኙታላችሁ። የተበላሸ መስሏችሁ አትጣሉት፤ ሞቅ አድርጉት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ጠብቁ፣ በደንብ ቀላቅላችሁ ብቻ ውሰዱ። ግማሹ ሲቀልጥ የተወሰደ ናሙና መጠኑ አይታወቅም። ለመለኪያ ሥራ ግን ሜታኖልን የመሰለ የለም፤ ከዜሮ በታች 97 ዲግሪ ድረስ ስለማይረጋ በፍሪዘር ውስጥም ፈሳሽ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ያልተከፈተ አምፑል ለጥቂት ሰዓት ቢሞቅ ያን ያህል አያሳስብም። የሚያሳስበው የሕሙማን ፕላዝማ ነው፤ ቀልጦ እንደገና መርጋቱን ሳታውቁ ትለኩታላችሁ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጡ፤ ዋጋው ከአንድ አምፑል በብዙ ያነሰ ነው።

ዕቃና የደም ቱቦ

ሦስቱም ሜታቦላይቶች አሚን (ናይትሮጅን የያዘ ውህድ) ናቸው፤ አሚን መስታወት ላይ ይለጠፋል። በሜታኖል ውስጥ ባለ ጠንካራ ስታንዳርድ ላይ አይታወቅም። በውሃ ቀጥኖ ናኖ ግራም ሲደርስ ግን ከፊሉ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ለቀጭኑ ፈሳሽ ፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ተጠቀሙ፤ ጥቂት ፎርሚክ አሲድም ጨምሩበት። ኖርፍሉኦክሴቲን በተለይ ናይትሮጅኑ ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ያለው አሚን ስለሆነ ከአሴቶን ጋር ይዋሐዳል። ዕቃ በአሴቶን ማጠብ ልማዳችሁ ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ስታንዳርድ አትጨምሩበት።

የደም ቱቦ ምርጫ ከስታንዳርዱ ያልተናነሰ ነው። ሴረምን የሚለይ ጄል ያለበት ቱቦ እንደ ኖርትሪፕቲሊን ያሉትን መድኃኒቶች ይመጥጣል፤ ደሙ በቆየ ቁጥር የሚለካው ይቀንሳል። ሆስፒታሉ ለሌላው ምርመራ ሁሉ ባለ ጄሉን ቢጠቀምም ለዚህ ሥራ ጄል የሌለው ወይም ኤዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት ቱቦ ለነርሶቹ ለብቻው ይሰጥ፤ ፕላዝማውም ሳይውል ሳያድር ተለይቶ ወደ ፕላስቲክ ቱቦ ይዛወር።

ጥንቃቄና ቆሻሻ

የፍሉኦክሴቲን ቤተሰብ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ኖርትሪፕቲሊን ደግሞ በብዛት ወደ ሰውነት ከገባ ልብን ያውካል። ለዱቄት መነጽር፣ ናይትራይል ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና ጭስ የሚመጥ ሳጥን ያስፈልጋል። ለአምፑል ዋናው አደጋ ሜታኖሉ ነው፤ ይቀጣጠላል፣ መርዝም ነው። ከዚህ አንጻርም ቢታይ አምፑሉ ይሻላል፤ በአየር የሚበን ዱቄት የለበትም።

የተረፈውን ወደ ማጠቢያው አትድፉት። ፍሉኦክሴቲንና ኖርፍሉኦክሴቲን በውሃ ውስጥ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት በቴክሳስ የፍሳሽ ውሃ በሚገባበት ጅረት ከተያዙ ዓሣዎች ሥጋ፣ ጉበትና አንጎል ውስጥ ተገኝተዋል። የደሴም የኮምቦልቻም ፍሳሽ መድረሻው ቦርከና ነው፤ በቦርከናም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። የሜታኖሉን ቅሪት ክዳን ባለው፣ ስምና ቀን በተጻፈበት ጠርሙስ አጠራቅማችሁ ለሆስፒታሉ ወይም ለዩኒቨርሲቲው የአደገኛ ቆሻሻ ኃላፊ አስረክቡ።

ከማዘዝ እስከ መረከብ

ዱቄት በአየር ለመላክ ይቀላል። የሜታኖል አምፑል የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለሆነ አሽገው የሚልኩት በልዩ ደንብ ነው፤ ጊዜም ይጨምራል። የማስገቢያ ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ዕቃው ቦሌ ደርሶ ወረቀት የሚፈለግለት ከሆነ ጊዜው መጋዘን ውስጥ ያልፋል። ከመክፈላችሁ በፊት አቅራቢውን የሎቱን (የምርቱን ዙር) ሰርተፊኬት፣ ዕቃው ሲደርስ የሚቀረውን የአገልግሎት ጊዜ፣ መጠኑ በጨው ነው ወይስ በነጻ ቤዝ የሚለውን በጽሑፍ ጠይቁት።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ከሆነ ሳጥኑ ሾፌሩ አጠገብ እንጂ ጣሪያ ላይ አይጫን። ደብረ ሲና ላይ የነበረው ብርድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሌላ አገር ነው። የበረዶ ከረጢት ቢጨመርበት አይከፋም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የምትረከቡት ከሆነ ይህ ጭንቀት አይኖርም።

ሲደርስ መጀመሪያ የአምፑሉን ሎት ቁጥር ከሰርተፊኬቱ ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ሳትከፍቱ መልሱት፤ አንገቱ ከተሰበረ በኋላ የሚቀበላችሁ አታገኙም።